መዝገቡን ማን ጻፈው?

እህቴ ለልብ ሕመሟ በየአራት ሳምንቱ መርፌ ትወጋለች። የጀመረችው በ13 ዓመቷ ነው፤ አሁን 24 ሞልቷታል። መድኃኒቱ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ይባላል። ብልቃጡ ውስጥ ያለው ነጭ ዱቄት ነው። ነርሷ ውሃ ትጨምርበትና በሁለት መዳፎቿ መሃል እያሽከረከረች ታሸዋለች። ቶሎ አይሟሟም። እንደ አጥሚት ወፈር ይላል። መርፌው ቀጭን ከሆነ መሃል ላይ ይደፈናል፤ ያኔ መርፌ ተቀይሮ እንደገና መወጋት ነው። ስለዚህ ወፈር ያለውን ይመርጣሉ። በጣም ያማል። እህቴ ጥርሷን ነክሳ፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የክትባት ፖስተር እያየች ታሳልፈዋለች። ተነስታ ቀሚሷን ስታስተካክል ነርሷ መዝገቧን ትከፍትና ቀኑን ትጽፋለች።

መዝገቡ በእጅ የተሰመረ ትልቅ ደብተር ነው። በግራ በኩል ስም፣ ቀጥሎ ዕድሜ፣ ቀበሌ፣ ስልክ። ከዚያ አሥራ ሦስት ጠባብ ሳጥኖች። በየ28 ቀኑ ሲሆን በዓመት 13 መርፌ ነው። የእህቴን ስቆጥረው 143 ደርሷል። ያመለጧትን አልቀነስኩም። መድኃኒቱ የጠፋባቸው፣ መንገድ የተዘጋባቸው ወራት ነበሩ።

መቁጠር ሥራዬ ነው። እዚሁ ጎጃም፣ አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ የምርምር ፋይል በሚያልፍበት ቢሮ ነው የምሠራው። መምህራን ከረዳት ፕሮፌሰርነት ወደ ተባባሪ ፕሮፌሰርነት ለማደግ ሲያመለክቱ ፋይላቸው እኔ ጠረጴዛ ላይ ያርፋል። ስንት ፔፐር አወጡ? የትኛው ጆርናል ላይ? ስንተኛ ጸሐፊ ናቸው? ስንት ጊዜ ተጠቀሱ? ኤች-ኢንዴክሳቸው፣ ማለትም በጽሑፋቸው ብዛትና በመጠቀሳቸው የሚሰላው ቁጥር፣ ስንት ነው? እያንዳንዱን አጣርቼ ቅጹ ላይ እሞላለሁ። ሥራዬን እወደዋለሁ። ሰው ለዓመታት የደከመበት ነገር በትክክል ሊቆጠርለት ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ብቻ ሥራውን የያዝኩ ሰሞን አባቴ የጠየቁኝ ጥያቄ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

አባቴ ልጅ ሳሉ ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ተምረዋል። መምህር እስከመሆን አልደረሱም፤ አያቴ ሲሞቱ ወደ እርሻው ተመለሱ። ያደግነው ቢቸና አካባቢ ነው። ለበዓል ስገባ «ምንድን ነው የምትሠራው?» አሉኝ።

«እቆጥራለሁ» አልኳቸው።

ፊታቸው በራ። «ቅኔ?»

ለማያውቅ አንባቢ ልንገር። በእኛ አገር ቅኔ ይቆጠራል። ተማሪው ዛፍ ሥር ወይም ጎጆው በር ላይ ተቀምጦ ያሰላስላል። ቃል ይመርጣል፣ ቤት ይመታል፣ ሰሙንና ወርቁን ያስማማል። ቅኔ መቁጠር ማለት ይህ ነው። ከዚያ የኔታ ፊት ቀርቦ ይናገራል፤ የኔታ ያርሙታል። የዛሬው ለዛሬ ነው፤ ነገ ሌላ ይቆጥራል። የሰው ቅኔ የራሴ ነው ብሎ ማቅረብ ትልቅ ነውር ነው። አዋቂ መጥቶ «ከማን ተማርክ?» ካለ መልሱ ዝግጁ መሆን አለበት። ከእገሌ፤ እሳቸውስ? ከእገሌ። ቅኔ ቤትህ ዋሸራ ነው ወይስ ጎንጅ? እየተባለ የመምህር ሐረግ ይቆጠራል። የአንድ የቅኔ መምህር ስም አገር ላገር የሚዞረው ባፈሯቸው ተማሪዎች አፍ ነው።

«አይ አባባ፣ ቅኔ አይደለም። ሐኪሞችና መምህራን የጻፉትን ነው። አንዱ የጻፈውን ሌላው ስንት ጊዜ እንደጠቀሰው።»

«ጠቀሰው ማለት?»

«ይህን ከእገሌ አገኘሁት ብሎ ስሙን ማንሳት።»

«እሱማ ደግ ነው። አመስግኖ ነው ወይስ ነቅፎ?»

«ቁጥሩ ያንን አይለይም።»

ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሳብ አደረጉ። «እንግዲያ ልጄ፣ ገና ግማሹን ነው የቆጠርከው።»

በኋላ ነው የገባኝ፤ የአባቴ ጥያቄ የጥቅስ ቆጠራ ሲወለድ የነበረው ጥያቄ ነው። ዩጂን ጋርፊልድ የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1955 (ከዚህ በኋላም ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆቹ ነው) ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ አንድ ሐሳብ አቀረበ። መነሻው የሕግ ሰዎች አሠራር ነበር። የአሜሪካ ጠበቆች አንድ የፍርድ ቤት ውሳኔ በኋላ በየትኞቹ ፍርዶች እንደተነሳ የሚያሳይ ማውጫ ከ19ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ነበራቸው። ውሳኔው ጸንቷል ወይስ ተሽሯል? ጠበቃ ይህን ሳያይ ፍርድ ቤት አይቆምም። ጋርፊልድ ለሳይንስም እንዲህ ያለ ይኑር አለ። አንባቢ አንድ ጽሑፍ ከመጥቀሱ በፊት ማን እንደተቸው፣ ምን ስህተት እንደተገኘበት እንዲያውቅ። ማውጫው በ1964 ታትሞ ወጣ። ከዚያ በኋላ ነው እየቆየ የሰው መለኪያ የሆነው።

ኤች-ኢንዴክስ ደግሞ ገና ልጅ ነው። በ2005 ሆርሄ ሂርሽ የሚባል የፊዚክስ ሊቅ ነው ያመጣው። አሠራሩ ቀላል ነው። የአንድ ሰው ጽሑፎች ብዙ ከተጠቀሰው ጀምሮ በተራ ይደረደራሉ። አንዱ ጽሑፍ ቢያንስ የተራ ቁጥሩን ያህል ጊዜ ከተጠቀሰ ያልፋል፤ የመጨረሻው ያለፈው ተራ ቁጥር ኤች-ኢንዴክሱ ነው። ስድስት ጽሑፍ አለው እንበል፤ 40፣ 12፣ 7፣ 5፣ 3 እና 1 ጊዜ ተጠቅሰዋል። አራተኛው 5 ጊዜ ተጠቅሷል፤ 5 ከ4 ይበልጣል፣ አለፈ። አምስተኛው ግን 3 ጊዜ ብቻ ነው፤ እዚያ ላይ ይቆማል። ኤች-ኢንዴክሱ 4 ነው። የመጀመሪያው ጽሑፍ 40 ሳይሆን 4,000 ጊዜ ቢጠቀስም መልሱ ያው 4 ነው። ለጀማሪ መምህራን ይህን ሳስረዳ ሁልጊዜ የሚደነግጥ ሰው አይጠፋም።

አባቴ «ነቅፎ ነው?» ያሉት በልብ ሕክምና ውስጥ በደንብ ታይቷል። ፒዬሮ አንቬርሳ በአሜሪካ ስመ ጥር የልብ ተመራማሪ ነበሩ። በ2001 ቡድናቸው ኔቸር የተባለ መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ፣ ከአጥንት መቅኔ የተወሰዱ ሴሎች የአይጥን የሞተ የልብ ጡንቻ መልሰው ያበቅላሉ ተባለ። ዓለም ተደሰተ። ጽሑፉ በሺዎች ጊዜ ተጠቀሰ። ሌሎች ሞክረው አልሆን ሲላቸው እነሱም ጠቀሱት፤ አልሠራልንም ብለው። ያም ተቆጠረ። በ2018 ሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤትና ብሪገም ኤንድ ዊመንስ ሆስፒታል ከዚያ ቤተ ሙከራ የወጡ 31 ጽሑፎች የተጭበረበረ መረጃ ስላለባቸው እንዲሰረዙ ለጆርናሎች አሳወቁ። በነዚያ ዓመታት ስንት ሕመምተኛ በተስፋ ጠበቀ? ስንት ወጣት ተመራማሪ ዕድሜውን እዚያ ላይ አፈሰሰ? እሱን የሚቆጥር ማውጫ የለም።

አሁን ወደ እህቴ ልመለስ።

መጀመሪያ ያመማት ጉሮሮዋን ነበር። እናቴ እንጥሏ ወርዷል ብላ መንደር ውስጥ ወደሚቆርጡ ሰው ወሰደቻት። ተቆረጠላት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ጉልበቷ አበጠ። እሱ ሲሻላት ቁርጭምጭሚቷ፣ ከዚያ ክርኗ። ሕመሙ ይዞራል። ምች ነው ተባለ፤ ጸበል ሄደች። ዳገት መውጣት ሲያቅታት፣ ማታ ቀና ብላ ካልተደገፈች መተኛት ሲሳናት ነው ደብረ ማርቆስ ያመጣናት። ሐኪሙ ልቧን በኢኮ፣ በድምፅ ሞገድ ልብን በሚያሳየው መሣሪያ፣ አየና ቫልቩ (ደም የሚያሳልፈው የልብ በር) ተጎድቷል አለን። ያ የጉሮሮ ሕመም ስትሬፕቶኮከስ በሚባል ባክቴሪያ የመጣ ነበር። ሰውነቷ ባክቴሪያውን ሲዋጋ የገዛ ልቧን መታ። ሩማቲክ የልብ ሕመም ይባላል። ጉሮሮዋ በታመመ ቁጥር ጉዳቱ ይደራረባል። መርፌው ያ እንዳይደገም ነው። ሐኪሙ ቢያንስ እስከ 40 ዓመቷ ትቀጥላለች ብሏል። እናቴ እስከ ዛሬ «እኔ ነኝ» ትላለች። አይደለችም። የጉሮሮ ሕመም እንደዚህ እስከ ልብ እንደሚደርስ የነገራት ሰው አልነበረም።

ማታ ማታ ስለዚህ በሽታ ሳነብ አንድ ስም ደጋግሞ ይመጣብኝ ጀመር። ቦንጋኒ ማዮሲ። ደቡብ አፍሪካዊ የልብ ሐኪም ነበሩ፤ የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር፣ በኋላም የጤና ሳይንስ ፋኩልቲው ዲን። በቢሮ ልማዴ መጀመሪያ ያየሁት ቁጥራቸውን ነበር። ትልቅ ነው። ከዚያ ጽሑፎቻቸውን አንድ በአንድ መክፈት ጀመርኩ። አባቴ አልቆጠርከውም ያሉኝ ግማሽ እዚያ ውስጥ ነበር።

ሬሜዲ የተባለው ጥናታቸው እ.ኤ.አ. በ2015 ወጣ፤ እህቴ መርፌ በጀመረች ሰሞን ማለት ነው። 3,343 የሩማቲክ ልብ ሕሙማንን መዝግቧል። ከ25 ሆስፒታሎች፣ ከ12 የአፍሪካ አገሮች፣ ከሕንድና ከየመን። የአገሮቹን ዝርዝር በጣቴ ስወርድ ኢትዮጵያን አገኘኋት። ተነስቼ ውሃ ጠጣሁ። የሕሙማኑ መካከለኛ ዕድሜ 28 ነው። ከሦስቱ ሁለቱ ያህል ሴቶች ናቸው። ፔኒሲሊን ይወስዱ የነበሩት 55 በመቶዎቹ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት የወጣው ደግሞ ሁለት ዓመት የተደረገውን ክትትል ይናገራል። መኖር አለመኖራቸው ከታወቀው ሕሙማን 500 ሰው ሞቷል። 16.9 በመቶ።

ያን ቁጥር ካየሁ በኋላ የእህቴን የቀጠሮ ቀን ስልኬ ላይ ሦስት ቦታ መዘገብኩት።

ይህ መርፌ በእውነት ይሠራል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ካለ፣ በኡጋንዳ በ818 ሕጻናትና ታዳጊዎች ላይ የተደረገውን ሙከራ ያንብብ። በ2021 መጨረሻ ነው ውጤቱ የወጣው። ሕመሙ በኢኮ ብቻ የሚታይ፣ ገና ምልክት ያላሳየ ልጆች ነበሩ። በሁለት ዓመት ውስጥ መርፌውን ከወሰዱት የባሰበት 0.8 በመቶ ብቻ ነው። ካልወሰዱት 8.2 በመቶ። እህቴ አንድ ቀን «በቃኝ፣ ሰለቸኝ» ስትል ይህን በአማርኛ አስረድቻታለሁ። ዝም ብላ ሰማችኝና «እሺ፣ የዛሬውን ልሂድ» አለች።

ማዮሲ በሳንባ ነቀርሳ ምክንያት ልብን የከበበው ከረጢት ውሃ ሲቋጥር ምን ይደረግ የሚለውንም በ1,400 ሕሙማን ላይ ሞክረዋል። ይህም የእኛ በሽታ ነው። የኛን ሐኪሞች ጠይቁ፣ ያውቁታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ አልኩ፤ ለሥራ ባልደረቦቼም ደጋግሜ የምናገረው ነው። የጥቅስ ብዛት በጽሑፉ ጥራት ብቻ አይመጣም። በዚያ ጉዳይ ላይ የሚጽፍ ሰው ብዛትም ይወስነዋል። ሳሊም ዩሱፍን እንውሰድ። ሕንድ ተወልደው ካናዳ የሚሠሩ የልብ ሐኪም ናቸው፤ በዓለም እጅግ ከሚጠቀሱት አንዱ ናቸው። በ2004 ያወጡት ኢንተርኸርት የተባለው ጥናት 52 አገሮችን ያካተተ ነው። ሲጋራ፣ የደም ግፊት፣ ስኳር፣ የደም ቅባትን የመሳሰሉ ዘጠኝ ነገሮች የመጀመሪያውን ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ስጋት 90 በመቶ ያህል እንደሚያስረዱ አሳየ። ትልቅ ሥራ ነው። ስለዚህ ድንገተኛ የልብ ሕመም የሚጽፍ ሰው ደግሞ በየአገሩ ሞልቷል፤ እያንዳንዱ ይጠቅሰዋል። ሩማቲክ ልብ ግን ከሀብታም አገሮች በአብዛኛው ከጠፋ ቆየ። በብዛት የቀረው የኛ ዓይነት መንደር ውስጥ ነው። የሚጽፍበት ጥቂት ነው፤ ስለዚህ የሚጠቅሰውም ጥቂት ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ ይህ ከዚያ ይበልጣል ማለት፣ የቢቸናን ገበያ ከመርካቶ ጋር ማወዳደር ነው። ሁለቱ ሰዎች ራሳቸው በነቀርሳው ጥናት ላይ አብረው ሠርተዋል፤ አላወዳደሩም።

ማዮሲ ሌላም ነገር አድርገዋል፤ ኤች-ኢንዴክስ ውስጥ የማይገባ። በየካቲት 2015 የአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን አዲስ አበባ ላይ ባለሙያዎችን ሰብስቦ ነበር። ማዮሲና ባልደረቦቻቸው እዚያ ነበሩ። የአዲስ አበባ መግለጫ የሚባል ሰነድ ወጣ። ሩማቲክ ልብን ከአፍሪካ ለማጥፋት ሰባት እርምጃ ያስቀምጣል። የመጀመሪያው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? መዝገብ። በተመረጡ ቦታዎች ሕሙማኑ ይመዝገቡ፣ ይቆጠሩ ይላል። ቀጥሎ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ሳይቆራረጥ ይቅረብ ይላል። በ2018 ግንቦት ደግሞ የዓለም ጤና ጉባኤ ስለዚህ በሽታ ውሳኔ አሳለፈ።

በዚያው ዓመት ሐምሌ ማዮሲ አረፉ። 51 ዓመታቸው ነበር። ከከባድ የመንፈስ ጭንቀት ጋር ሲታገሉ እንደነበር ቤተሰባቸው ተናግሯል። ገጻቸውን ዛሬም እከፍታለሁ። ቁጥሩ ይጨምራል። ሰውየው የሉም፤ ጥናታቸውን የሚያነሳ ግን በየወሩ አዲስ ሰው ይመጣል። የኔታም ካረፉ በኋላ ተማሪ ሁሉ «ከማን ተማርክ?» ሲባል ስማቸውን ይጠራል።

ስም ካነሳሁ አይቀር፣ የኛ ሰው ስም ነገር ሌላ ጣጣ ነው። የቤተሰብ ስም የለንም። የራሳችንና የአባታችን ስም ነው ያለን። ጆርናሎቹ የመጨረሻውን ስም ስለሚወስዱ አበበ ታደሰ የጻፈው «ታደሰ፣ አ.» ሆኖ ይጠቀሳል። በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንዴ በአንድ ኤስ፣ አንዴ በሁለት ኤስ ይመጣል። አንዳንዱ የአያቱን ስም ይጨምራል። በዚህ የተነሳ የአንድ ሰው ሥራ ጉግል ስኮላር ላይ (የምርምር ጽሑፍና ጥቅስ የሚፈለግበት ድረ ገጽ) ለሦስት ሰው ይበተናል፤ ወይ የሦስት ሰው ሥራ ለአንዱ ይከመራል። ይህን ሳጣራ ስንት ቀን አልፏል። ኦርኪድ የሚባል 16 አሃዝ ያለው የተመራማሪ መለያ ከ2012 ጀምሮ አለ። ነጻ ነው። እባካችሁ አውጡ። ስማችሁንም ከመጀመሪያው ፔፐር ጀምሮ በአንድ ዓይነት ፊደል ጻፉ።

እኔም አንድ ጊዜ ከመምህራን ጋር አንድ ጽሑፍ ላይ ስሜ ገብቷል። ሲጠቀስ የሚነሳው የአባቴ ስም ነው። ይህን ስነግራቸው ዝም አሉ። ቆይተው «እኔን? ባሕር ማዶ?» አሉ። ትንሽ አሰቡና ደግሞ «የአያትህስ?» አሉኝ። እሳቸው አልገቡም። ቅር አላቸው።

ሌላው በፋይሎቹ ላይ የማየው ነገር የትልልቆቹ ጥናቶች ጉዳይ ነው። የዓለምን የበሽታ ጫና የሚቆጥሩ ጥናቶች አሉ። ሲያትል ካለ ተቋም ጋር በመቶዎች የሚቆጠሩ ተመራማሪዎች አብረው ይሠሯቸዋል፤ ብዙ ኢትዮጵያውያንም አሉበት። በ2019 በዓለም ላይ 18.6 ሚሊዮን ሰው በልብና የደም ሥር በሽታዎች እንደሞተ፣ 523 ሚሊዮን ሰው ደግሞ ከነዚህ ሕመሞች ጋር እንደሚኖር ያወቅነው ከዚያ ቤት በወጣ ሥራ ነው። አስፈላጊ ሥራ ነው። ነገር ግን አንድ እንዲህ ያለ ጽሑፍ በሺዎች ስለሚጠቀስ፣ ስሙ ያለበት ወጣት መምህር በአንድ ዓመት ውስጥ ማዮሲ ለዓመታት የደከሙበትን የሚያህል የጥቅስ ቁጥር ያገኛል። ለሁሉም እኩል ይቆጠራል። በጸሐፊዎቹ ዝርዝር መሃል ያለው ስም ምን እንደሠራ ቁጥሩ አይነግረኝም። መጠየቅ አለብኝ። ስጠይቅ አንዳንዱ በዝርዝር ይነግረኛል፣ ደስ ይለኛል። አንዳንዱ መልስ ያጥረዋል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ያንገበገበኝ ሌላ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ፔፐር ለእድገት ቀረበልኝ። መረጃው ከየት እንደመጣ የሚናገረውን ክፍል ሳነብ ቀና አልኩ። ከተማው ይገጥማል። ክፍሉ ይገጥማል። ዓመታቱ ይገጥማሉ። የእህቴ ነርስ መዝገብ ነው። ያ በእጅ የተሰመረው፣ አሥራ ሦስት ሳጥን ያለው። ምናልባት እህቴም ውስጡ አለች፤ ያለ ስም፣ አንድ መስመር ሆና። የጸሐፊዎቹን ስም አየሁ። የነርሷ የለም። መጨረሻ ላይ ወዳለው ምስጋና ሄድኩ። «መረጃ ሰብሳቢዎችን እናመሰግናለን» ይላል። መረጃ ሰብሳቢ የተባሉት ለሁለት ሳምንት መጥተው ከደብተሩ ወደ ኮምፒውተር የገለበጡት ልጆች ናቸው። እሷ ዘጠኝ ዓመት ጽፋዋለች። መብራት ሲጠፋ በስልኳ ብርሃን ስትጽፍ አይቻታለሁ። የቀረ ሰው ሲኖር በራሷ ካርድ ትደውላለች።

ሕግ የለም ማለት አይደለም። የሕክምና ጆርናል አዘጋጆች ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ደራሲ የሚባለው ማን እንደሆነ በአራት መስፈርት አስቀምጧል። በሥራው ላይ ትልቅ አስተዋጽኦ ማድረግ አንዱ ነው፤ መረጃ ማሰባሰብም እዚያ ውስጥ ይገባል። ረቂቁን መጻፍ ወይም ማረም፣ የመጨረሻውን ማጽደቅ፣ ለሥራው ተጠያቂ መሆን ሦስቱ ናቸው። እሷ ረቂቁን አላየችም፣ ስለዚህ አታሟላም ሊባል ነው? ኮሚቴው ለዚህም መልስ አለው። የመጀመሪያውን ያሟላ ሰው የቀሩትን እንዲያሟላ ዕድል ሊሰጠው ይገባል ይላል። ሳያሳዩ ቀርቶ አላየችም ማለት አይቻልም። ደራሲነት ባይሆን እንኳ ምስጋናው ላይ ስሟን አስፈቅዶ መጻፍ አንድ መስመር ነው።

ጸሐፊዎቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ሳነጋግራቸው ደነገጡ። አላሰቡትም። እኔም ብሆን ያንን መዝገብ በዓይኔ ባላየው ኖሮ ቅጹን ሞልቼ አሳልፍ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ፋይል ይዞ የሚመጣን ሁሉ እጠይቃለሁ። መዝገቡን ማን ጻፈው? ቅጹ ላይ እንዲህ የሚል ቦታ የለም። እኔ ግን እጠይቃለሁ። አንዳንዱ ይሰለቻል። አንዷ ሐኪም ግን ባለፈው ዓመት ተመልሳ መጥታ የአዲሱን ረቂቅ የመጀመሪያ ገጽ አሳየችኝ። አራተኛው ስም የአንድ ጤና ጣቢያ ነርስ ነበር። እጇን ይዤ አመሰገንኳት።

የኛን ነርስ ስም እዚህ ያልጻፍኩት ራሷ ስለከለከለችኝ ነው። ሲስተር እንላታለን።

ባለፈው ወር እህቴን ይዤ ስሄድ ነገርኳት። «ሲስተር፣ ያ ከመዝገብሽ የወጣው ጽሑፍ 11 ጊዜ ተጠቅሷል።»

«ማን ነው የጠቀሰው?»

ስልኬን ሰጠኋት። መነጽሯን አድርጋ ዝርዝሩን ወረደችው። አንዱ ከናይጄሪያ፣ አንዱ ከሕንድ፣ ሁለቱ ከዚሁ ካገራችን። ቀስ ብላ ነው ያነበበችው። «እነዚህም እንግዲህ መዝገብ አላቸው» አለች። ስልኬን መለሰችልኝ። ደብተሩን ወደ እኔ አዞረችና ጣቷን አንድ መስመር ላይ አሳረፈች። ሁለት ሳጥን ባዶ ነው።

«ይቺን አየሃት? ከሞጣ ነው የምትመጣው። 19 ዓመቷ ነው። ሁለት ወር ቀረች። ቁጥሯ ይኸው፣ አንተ ሞክርልኝ። የኔ ካርድ አልቋል።»

ደወልኩ። ዝግ ነው። ማታም ደወልኩ፣ ዝግ ነው። በማግስቱ ጠዋት አባቷ አነሱ። ልጅቱ ትዳር ይዛ ቡሬ ገብታለች። መርፌው እንደሚቀጥል ለባሏ የነገረው የለም። አዲሱን ቁጥር ሰጡኝ። ለሲስተር ደውዬ ነገርኳት። «ቆይ» አለችኝ፤ ደብተሩ ሲገለጥ ይሰማኛል። ኅዳጉ ላይ በእርሳስ እየጻፈች ቁጥሩን አንድ በአንድ ደገመችልኝ።

«ቡሬ ጤና ጣቢያ ፔኒሲሊን እንዳለ ደግሞ ጠይቅልኝ» አለች።